ምዕራፍ 7፦ አንድ ዳይፐር በእውነት ስንት ያወጣል?

አንድ ሕፃን ከተወለደበት ቀን አንስቶ ሽንቱን በራሱ መቆጣጠር እስኪጀምር ድረስ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ዳይፐር ይቀየርለታል። አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል፤ እያደገ ሲሄድ ቁጥሩ እየቀነሰ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 10 ጊዜ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ 7 ጊዜ፣ ከዓመቱ በኋላ እስከ 2 ዓመት ተኩል ደግሞ 5 ጊዜ ተብሎ ቢታሰብ ድምሩ 5,490 ይሆናል። ለሂሳብ እንዲመች 5,500 ይባል። ከእንጀራና ከዳቦ በስተቀር በአንድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል የሚደጋገም ግዢ ማግኘት ይከብዳል።

የሚጣለው ዳይፐር ይሻላል ወይስ የጨርቁ? ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ሱቅ ውስጥ የተለጠፈውን ዋጋ በማየት ነው። የሚጣለው በፍሬ ሲታይ ርካሽ ነው፤ የጨርቁ ውድ ነው። ሁለቱ ዋጋዎች ግን ጎን ለጎን ሊቀመጡ የሚችሉ አይደሉም። አንዱ የአንድ ጊዜ አገልግሎት ዋጋ ነው፤ ሌላው በመቶዎች ለሚቆጠር አገልግሎት በቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የዚህ ምዕራፍ ሥራ ሁለቱን በአንድ መለኪያ ማስቀመጥ ነው። መለኪያው የአንድ አጠቃቀም ዋጋ ይባላል።

ምጣድ ያለው ቤትና እንጀራ የሚገዛ ቤት

በምዕራፍ 4 ወጪ በሁለት እንደሚከፈል ታይቷል። ቋሚ ወጪ ዕቃው ተሠራበትም አልተሠራበትም አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው፤ ተለዋዋጭ ወጪ ደግሞ ሥራው በተደጋገመ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ነው። እንጀራ ከሱቅ የሚገዛ ቤተሰብ ቋሚ ወጪ የለበትም። ዛሬ 5 እንጀራ ከፈለገ የ5 እንጀራ ይከፍላል፤ ነገ እንግዳ ቢመጣና 15 ቢያስፈልገው የ15 ይከፍላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ቤተሰብ ግን ገና አንድ እንጀራ ሳይጋግር ብዙ ብር አውጥቷል። ከዚያ በኋላ የሚከፍለው የጤፍ፣ የመብራትና የጉልበት ዋጋ ብቻ ነው።

ምጣዱ የሚያዋጣው መቼ ነው? መልሱ ያለው በምጣዱ ዋጋ ሳይሆን በሚጋገረው እንጀራ ብዛት ውስጥ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ምጣድ ዋጋው በሺዎች በሚቆጠር እንጀራ ላይ ተከፋፍሎ እየቀነሰ ይሄዳል። ለበዓል ብቻ የሚወጣ ምጣድ ደግሞ እያንዳንዱን እንጀራ ከሱቁ ሦስትና አራት እጥፍ ያስወድደዋል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጋው የሚካፈልበት ቁጥር ነው።

የጨርቅ ዳይፐር ምጣዱ ነው፤ የሚጣለው ዳይፐር የሱቅ እንጀራ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ሁለቱ ዳይፐሮች

የሽንት ጨርቅ ለኢትዮጵያ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ካረጀ ነጠላ፣ ካረጀ አንሶላ ወይም ከአቡጀዲ የተቆረጠ ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይያያዝና ከላዩ የላስቲክ ሱሪ ይለበስበታል። አሁን በገበያ ላይ ያለው የጨርቅ ዳይፐር የዚሁ የተሻሻለ ዓይነት ነው። ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን ከስስ የፕላስቲክ ንብርብር ጋር የተጣበቀ ጨርቅ ነው፤ በቁልፍ ወይም በማጣበቂያ ስለሚያዝ መርፌ አያስፈልገውም፤ በቁልፎቹ እያጠበቡና እያሰፉ ከትንሽ ልጅ እስከ ትልቅ መጠቀም ይቻላል። በብዛት የሚታየው ባለ ኪሱ ነው፤ በኪሱ ውስጥ የሚገባው መምጠጫ ከጥጥ፣ ከቀርከሃ ጭረት ወይም ማይክሮፋይበር ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሠራል። ማይክሮፋይበር ፈጥኖ ይመጥጣል፤ ግን ልጁ ሲቀመጥበት እንደተጨመቀ ስፖንጅ መልሶ ይለቃል። ጥጥ ቀስ ብሎ ይመጥጥና አጥብቆ ይይዛል።

የሚጣለው ዳይፐር ታሪክ ራሱ የዋጋ ትምህርት ነው። ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት እናት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ውሃ የማያሳልፍ የዳይፐር ሽፋን ሰፍታ በ1951 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘችበት። ሙሉ በሙሉ የሚጣለውን ለብዙኃን ገበያ ያበቃው ግን ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። ኩባንያው ፓምፐርስን በ1961 ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ፒዮሪያ ከተማ ለሙከራ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። እናቶቹ ዕቃውን ወደዱት፤ ዋጋውን ግን አልወደዱትም። ጨርቅ አጥቦ መጠቀም ከዚያ በጣም ይረክስ ነበርና ሙከራው ከሸፈ። ኩባንያው የማምረቻ ማሽኑን አፍጥኖ ዋጋውን ወደ 6 ሳንቲም ገደማ ሲያወርደው ነው ገበያው የተከፈተለት። የፒዮሪያ እናቶች ስሙን ባይጠሩትም የአንድ አጠቃቀም ዋጋ ያሰሉ ነበር።

በ1980ዎቹ ደግሞ የሚጣለው ዳይፐር ውስጥ ፈሳሽ ሲነካው ወደ ጄል የሚለወጥ ዱቄት ገባ። ይህ ዱቄት ንጹሕ ውሃ ቢያገኝ የክብደቱን በመቶዎች እጥፍ ይጠጣል፤ ሽንት ጨው ስላለበት ከእርሱ የሚጠጣው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ከማንኛውም ጨርቅ ይበልጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀየር የሚያድር ዳይፐር የመጣው በዚህ ነው። ለሂሳቡም ትርጉም አለው፦ የጨርቁ ዳይፐር በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ መቀየር ስለሚፈልግ አንዳንድ ቤት የሚጣል 5 ይበቃው በነበረበት ቀን የጨርቅ 6 ይጠቀማል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ሁለቱን በፍሬ ሳይሆን በቀን ያነጻጽራል።

ስሌቱ

የሚከተሉት ዋጋዎች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። የሱቅ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ አንባቢ የራሱን ሰፈር ዋጋ ተክቶ እንዲሠራበት ነው የቀረቡት።

የሚጣለው ዳይፐር አንዱ 20 ብር ይሁን። 5,500 ጊዜ ሲባዛ 110,000 ብር ይመጣል። ይህ ገንዘብ በአንድ ቀን ስለማይወጣ አይታይም፤ በቀን 100 እና 200 ብር እየሆነ ለ2 ዓመት ተኩል ይንጠባጠባል።

በጨርቁ በኩል 24 ዳይፐር እያንዳንዱ ከነመምጠጫው 500 ብር ቢሆን 12,000 ብር ነው። ባልዲ፣ የልብስ መቆንጠጫ እና በኋላ የሚጨመር መምጠጫ 3,000 ብር ይያዝላቸው። ቋሚው ወጪ 15,000 ብር ሆነ። ቀጥሎ እጥበቱ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በየ2 ቀኑ ቢታጠብ በጠቅላላው 495 እጥበት ይሆናል። አንዱ እጥበት በውሃ፣ በሳሙናና በመብራት 40 ብር ቢፈጅ 19,800 ብር ነው። ቋሚውና ተለዋዋጩ ሲደመሩ 34,800 ብር፤ ለ5,500 ሲካፈል ደግሞ የአንድ አጠቃቀም ዋጋ 6 ብር ከ33 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ከ20 ብር ጋር የሚነጻጸረው ይህ ቁጥር ነው፤ 500 ብሩ አይደለም።

ልዩነቱ 75,200 ብር ነው። ከዚህ ይልቅ ግን የወጪ መመለሻ ነጥብ የሚባለው፣ ማለትም በቅድሚያ የወጣው ብር ተመልሶ የሚያልቅበት ቀን፣ ለውሳኔ ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚጣል ዳይፐር 900 ጊዜ ቢገዛ 18,000 ብር ይወጣ ነበር፤ በምትኩ 90 እጥበት 3,600 ብር ይፈጃል። የተረፈው 14,400 ብር ነው። ከ15,000 ብሩ የጎደለው 600 ብር ብቻ ነው። ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቀን 140 ብር የሚጣል ዳይፐር ቀርቶ 20 ብር የሚደርስ የእጥበት ወጪ ስለሚተካው በቀን 120 ብር ይተርፋል። ስለዚህ 600 ብሩ በ5 ቀን ይሸፈናል። ልጁ 3 ወር ከሳምንት ሲሞላው ዳይፐሩ ዋጋውን ጨርሶ ከፍሏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 2 ዓመታት ንጹሕ ትርፍ ናቸው።

ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ያው 15,000 ብር ለ11,000 አጠቃቀም ይካፈላል። የቋሚው ድርሻ ከ2 ብር ከ73 ወደ 1 ብር ከ36 ሳንቲም ይወርድና የአንዱ አጠቃቀም ጠቅላላ ዋጋ ወደ 5 ብር ይጠጋል። በአንጻሩ ግን ዳይፐሩ ተገዝቶ 300 ጊዜ ብቻ አገልግሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀር 15,000 ለ300 ሲካፈል 50 ብር ነው፤ እጥበቱ ሲጨመርበት አንዱ አጠቃቀም ከ53 ብር ይበልጣል። የጨርቅ ዳይፐር ከሚጣለው እጅግ ውድ የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው፤ በተግባርም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ለአራስ ጥየቃ በስጦታ የመጡ ጥሩ ጥሩ ዳይፐሮች ሳይነኩ ልጁ የሚያድግበት ቤት አለ።

24 ከየት መጣ?

ስንት መግዛት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ልጁ ብቻ ሳይሆን የልብስ ማስጫው ገመድም ነው። በቀን የሚቀየረው ብዛት፣ በሁለት እጥበት መካከል ባሉት ቀኖችና ለማድረቅ በሚወስደው ቀን ድምር ይባዛል። በቀን 8 የሚቀየርለት ልጅ በየ2 ቀኑ ቢታጠብለትና ጨርቁ በ1 ቀን ቢደርቅ 8 በ3 ሲባዛ 24 ይሆናል። አራስ በቀን 10 የሚፈልግ ቢሆንም በየቀኑ ከታጠበ 20 ይበቃዋል።

በበጋ አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጨርቅ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ጨርቅ 2 ቀን፣ ወፍራም መምጠጫ ደግሞ 3 ቀን ሊወስድ ይችላል። በቀን 8 ለሚቀየርለት ልጅ ማድረቂያው 2 ቀን ሲሆን 24ቱ ወደ 32 ከፍ ይላል። በክረምት «የጨርቅ ዳይፐር አያዋጣም» ተብሎ የሚተወው ባብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው፤ የጎደለው ግን ጥቂት ተጨማሪ መምጠጫ ነው። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ የሚዘገየው መምጠጫው ነው። ስለዚህ ለክረምት ሙሉ ዳይፐር ከመጨመር ይልቅ ጠፍጣፋና ተዘርግቶ የሚሰጣ የጥጥ ጨርቅ መጨመር ይረክሳል። ባለ አራት ማዕዘኑ አሮጌ የሽንት ጨርቅ አዲሶቹን የሚበልጥባት አንዷ ነጥብ ይህች ናት፦ ሲዘረጋ አንድ ንብርብር ብቻ ስለሆነ ከሁሉም ቀድሞ ይደርቃል።

ይህ ስሌት በአንድ ጊዜ 15,000 ብር ማውጣት ለማይችል ቤተሰብም መንገድ ይከፍታል። ገቢው ዕለታዊ የሆነ ሰው ዳይፐር ከሰፈር ሱቅ በፍሬ ይገዛል፤ በፍሬ የሚገዛ ደግሞ ትልቁን እሽግ ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ውድ የሚገዛበት አሠራር መሆኑ ነው። በ6 የጨርቅ ዳይፐር ብቻ የጀመረ ቤት በየቀኑ አጥቦ በቀን 3 ወይም 4 የሚጣል ዳይፐር ይቀንሳል፤ በዚያ በተረፈው ብር ቀስ በቀስ ሌላ 6 ይገዛል። እቁብ የደረሰው ቤት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያሟላ ይችላል። ለአራስ ጥየቃ የሚመጡ ዘመዶች «ምን እናምጣ?» ብለው ሲጠይቁ ከሦስተኛው የሕፃን ብርድ ልብስ ይልቅ መምጠጫ ጨርቅ ቢባሉ ቋሚው ወጪ ይበልጥ ይቀላል።

እጥበቱና ዕድሜው

ዋጋው የሚካፈልበት ቁጥር ትልቅ እንዲሆን ጨርቁ መቆየት አለበት። የጨርቅ ዳይፐርን ዕድሜ የሚያሳጥረው አጠቃቀሙ ሳይሆን አስተጣጠቡ ነው።

የቆሸሸ ዳይፐር በውሃ ተዘፍዝፎ ሊያድር አይገባም። ላስቲኩና ሽፋኑ ይጎዳሉ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ውሃ የተሞላ ባልዲ ለሚድህ ልጅ የመስጠም አደጋ ነው። ዓይነ ምድሩ መጸዳጃ ቤት ይደፋል፤ ዳይፐሩ በደረቅ ባልዲ ውስጥ ይጠራቀማል። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ተሰባብሮ አሞኒያ ስለሚሆን ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ የተጠራቀመ ጨርቅ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያመጣል፤ ሽታው አንዴ ከገባ ደግሞ ለማስወጣት ብዙ ውሃ ይፈጃል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ማጠብ ቁጠባ አይደለም።

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በበቂ የዱቄት ሳሙና ይታጠባል። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ ብዙዎቹን ጀርሞች ይገድላል፤ ከዚያ በላይ ያለ ሙቀት ግን ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። በረኪና አዘውትሮ መጠቀም ላስቲኩን ያደርቀዋል። የጨርቅ ማለስለሻ ጥሩ ሽታ ቢሰጥም ጭረቱን በስስ ቅባት ስለሚሸፍነው መምጠጫው ውሃ መመጠጥ ያቆማል። ለሽፍታ የሚቀባው ወፍራም ቅባትም ያንኑ ያደርጋል፤ በተቀባ ጊዜ ስስ ጨርቅ ጣል ቢደረግበት መምጠጫውን ያድነዋል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ነጠብጣቡን ያነጣል፤ ምንም አያስከፍልም።

በማሽን ለሚያጥብ ቤት ከመብራቱ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ከበሮውን ማዞሩ ሳይሆን ውሃውን ማሞቁ ነው። ልብስ ማድረቂያ ማሽን ደግሞ ከማጠቢያው ብዙ እጥፍ ይበላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላ ሂሳብ አለ። የቧንቧ ውሃ ርካሽ ነው፤ ውሃው ሲጠፋ በጀሪካን ወይም በቦቴ የሚገዛው ግን ውድ ነው። ሮቶ የሌለው ቤት እጥበቱን ከፈረቃው ቀን ጋር ማስማማት ይኖርበታል፤ ካልሆነ 40 ብር የተባለው የአንድ እጥበት ወጪ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። በእጥፍ አድጎ እንኳ 80 ብር በ495 ሲባዛ 39,600 ብር ነው፤ ከቋሚው ጋር 54,600 ብር ይሆናል፤ ከ110,000 ብር ግማሽ በታች ነው።

የማን ጉልበት?

እስካሁን በተሠራው ሂሳብ ውስጥ አንድ የተዘለለ ወጪ አለ። ያለቀለቀው፣ ያሸው፣ የጨመቀው፣ ያሰጣው ሰው አልተከፈለውም። በምዕራፍ 2 እንደተገለጸው ለአንድ ሥራ የዋለ ሰዓት ለሌላ ሊውል ይችል ስለነበር ዋጋ አለው፤ ብር ከኪስ አለመውጣቱ ዋጋውን ዜሮ አያደርገውም።

በእጅ ማጠብ በአንድ ጊዜ 1 ሰዓት ቢወስድ 495 ሰዓት ነው። የተቆጠበው 75,200 ብር ለ495 ሲካፈል በሰዓት 152 ብር ገደማ ይመጣል። በዚህ መልክ ሲታይ ቁጠባው ስጦታ መሆኑ ይቀርና ደመወዝ ይሆናል፦ የጨርቅ ዳይፐር ለሚያጥበው ሰው በሰዓት 152 ብር የሚከፍል ሥራ ነው። አንዱ እጥበት 1 ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ክፍያው ወደ 101 ብር ይወርዳል። ማሽን ያለው ቤት ለመጫንና ለማስጣት 20 ደቂቃ ብቻ ቢያጠፋ በአንጻሩ ወደ 456 ብር ከፍ ይላል። በዚያ ሰዓት ከዚህ የበለጠ ገቢ ማግኘት የሚችል ሰው የሚጣለውን ቢገዛ አባካኝ ሊባል አይገባም። በዚያ ሰዓት ሌላ ገቢ የማያገኝ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የቤት ውስጥ ሥራ በቀላሉ አያገኝም።

ሂሳቡን የሚሠራው ሰውና እጁን ሳፋ ውስጥ የሚነክረው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸው ግን መረሳት የለበትም። ባል «እንቆጥብ» ብሎ ሚስት የምታጥብ ከሆነ፣ ወይም የቤት ሠራተኛዋ በዚያው ደመወዝ በወር 15 እጥበት ከተጨመረባት፣ የተቆጠበው ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ድካም ነው። ለሠራተኛዋ በወር 1,000 ብር ቢጨመርላት በ30 ወር 30,000 ብር ይሆናል፤ ከ75,200 ብር ላይ ተቀንሶ አሁንም 45,200 ብር ይተርፋል። ስሌቱ ይህን ክፍያ የሚችለው ከሆነ ላለመክፈል ሰበብ የለም።

የማያዋጣባቸው ቤቶች

የጨርቅ ዳይፐር በሁሉም ቤት አያዋጣም። በአሜሪካ የሚኖር፣ በቤቱ ማጠቢያ ማሽን የሌለው ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚጣለው አንዱ 30 ሳንቲም ቢሆን 5,500 ዳይፐር 1,650 ዶላር ያወጣል። በሳንቲም በሚሠራ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ማጠብና ማድረቅ በአንድ ጊዜ 6 ዶላር ቢያስከፍል ግን 495 እጥበት 2,970 ዶላር ነው፤ የዳይፐሩ ዋጋ ገና አልተጨመረም። አንዳንድ የሕዝብ ማጠቢያዎች ዳይፐር ማጠብን ጨርሶ ይከለክላሉ፤ ብዙ የሕፃናት መዋያዎችም የጨርቁን አይቀበሉም። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የምግብ ድጎማ የሚሰጡት ስናፕና ዊክ የተባሉት የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሞች ደግሞ ዳይፐር አይሸፍኑም። ድሃ ከሆኑ ጨርቅ ይጠቀሙ የሚለው ምክር ቀላል የሚመስለው በቤቱ ማሽን ላለው ሰው ነው።

እዚህ አገርም ቢሆን ሁሉንም ወይም ምንም የሚል ምርጫ አያስፈልግም። ሌሊት ሌሊት አንድ የሚጣል ዳይፐር የሚያደርግ ቤት በ900 ሌሊት 18,000 ብር ያወጣል። እጥበቱ ሳይቀነስ ሁሉም ቢደመር 52,800 ብር ነው፤ የተቆጠበው 57,200 ብር፣ ማለትም ከሙሉው ቁጠባ ሦስት አራተኛ ያህሉ። ለመንገድ፣ ለእንግድነትና ልጁ ተቅማጥ በያዘው ጊዜም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ጀምሮ በሁለተኛው ወር ታክቶት የሚተው ቤት ከዚህ ከተቀላቀለው በእጅጉ ይከስራል። ልጁን በየሰዓቱ ማሸናት የለመደ ቤት ደግሞ በሁለቱም በኩል ያተርፋል፤ የሚቀነሰው ራሱ የሚቀየረው ብዛት ነውና።

ዛሬ የተገዛ ጨርቅና የነገ ዶላር

በሚጣለው ዳይፐር ውስጥ ያለው የእንጨት ፋይበርና ያ ፈሳሽ የሚጠጣ ዱቄት ከውጭ የሚመጡ ናቸው። እዚህ አገር ተመርቶ የሚወጣው ዳይፐርም ዋጋው ከዶላር አያመልጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን አራስ የነበረበት ቤት የሚጣል ዳይፐር የሚጠቀም ከነበረ የዋጋውን ለውጥ ለቀሪዎቹ 2 ዓመታት ተሸክሟል። የጨርቁን ቀድሞ የገዛ ቤት ግን የወጪውን ትልቅ ክፍል በአሮጌው ተመን ጨርሷል፤ የቀረው ሳሙና፣ ውሃና መብራት ነው።

በምሳሌው ላይ 20 ብር የነበረው ልጁ ዓመት ሲሞላው 30 ብር ቢደርስ፣ ቀሪው 2,700 ዳይፐር በ27,000 ብር ይጨምራል። ከዋጋ ጭማሪ ያመለጠ ገንዘብ በተለመደው ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ዋጋ ባልረጋበት ዘመን ግን ከእጥበቱ ወጪ ሁሉ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል።

አካባቢውስ?

የአካባቢ ጥቅሙም ያንኑ ሕግ ይከተላል። የብሪታንያ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ለ2 ዓመት ተኩል የሚጣል ዳይፐር 550 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የጨርቁ ደግሞ 570 ኪሎ ግራም ገደማ የካርቦን ልቀት እንዳለው አስልቷል። አብዛኛውን አንባቢ ያስገረመ ውጤት ነበር። የጨርቁ ልቀት የሚመጣው ውሃ ከማሞቅና በማሽን ከማድረቅ ነው። ማሽኑ ሞልቶ ቢታጠብ፣ ውጭ ቢሰጣና ለሁለተኛ ልጅ ቢያገለግል ልቀቱ 40 በመቶ ይቀንሳል። በ2023 የወጣው የተሻሻለ ጥናት ደግሞ የጨርቁ ልቀት ከሚጣለው በ25 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥብና በፀሐይ የሚያደርቅ የአዲስ አበባ ቤት ከእነዚህ ቁጥሮች ከሁሉም በታች ይወርዳል።

ልጁ ከጨረሰ በኋላ

ያገለገለ የሚጣል ዳይፐር የሚሸጥበት ገበያ የለም። የጨርቁ ግን አገልግሎቱን ሲጨርስም የተወሰነ ዋጋ ይቀረዋል፤ በሂሳብ ባለሙያዎች ዘንድ ቀሪ ዋጋ የሚባለው ነው። ላስቲኩ የላላ ዳይፐር ልብስ ሰፊ ጋ በጥቂት ብር ይታደሳል። ለታናሽ ወንድም ወይም እህት የማይቆይ ከሆነ ለዘመድ ይተላለፋል ወይም ይሸጣል። 24ቱ እያንዳንዳቸው በ150 ብር ቢሸጡ 3,600 ብር ይመለሳል፤ 15,000 የነበረው ቋሚ ወጪ ወደ 11,400 ብር ይወርድና የአንድ አጠቃቀም ዋጋ 5 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። የማይሸጠው መምጠጫ ደግሞ ለወለል መወልወያ ይውላል፤ እርሱ በሂሳቡ ውስጥ አልተካተተም።